ትራክተር ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐርቡ፦ ላስጭነው ወይስ ልንዳው?

የሐርቡው

ሰላም ያ ጀማዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ ትራክተር ያላችሁ ሁሉ፣ እስኪ አንዴ ላስቸግራችሁ።

እኔና አጎቴ ተጋግዘን አንድ ማሲ ፈርጉሰን 290 ገዛን። አሮጌ ነው፤ ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል። ሞተሩ ግን እንከን አይወጣለትም። የቦሩ ሜዳ ብርድ ሲወርድበት አድሮ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻም አብሮ አለው። አሁን ያለው ቦሩ ሜዳ፣ ሻጩ ግቢ ውስጥ ነው። መድረስ ያለበት ሐርቡ፣ አጎቴ ማሳ ላይ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መሬቱን አንዴ መገልበጥ ስለምንፈልግ ብዙ ጊዜ የለንም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከቦሩ ሜዳ ደሴ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ቢሆን ነው። ከኮምቦልቻ ሐርቡ ደግሞ 20 ምናምን። ተደምሮ 60 አይሞላም። ችግሩ መሀል ላይ ሐረጎ አለ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ያ ቁልቁለት።

አጎቴ ነገሩን ገና ሳይነሳ ነው የጨረሰው። "እግር ያለውን ነገር ማን ይሸከማል? ይነዳል እንጂ!" አለኝ። በወጣትነቱ ትራክተር ነድቷል፤ ሐረጎንም በዚያው ዘመን ወርዷል። ያኔ መንገዱ ላይ የነበረውን መኪና ከዛሬው ጋር አያስተያየውም። ባለቤቴ በበኩሏ "ሐረጎን በትራክተር ወርደህ ከመጣህ እኔን ቤት አታገኘኝም" ብላ አቋሟን አሳውቃለች። መሀል ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሎቤድ፣ ያ ማሽን የሚጭነው ወለሉ ዝቅ ያለ መኪና፣ ጠይቄ ነበር። ባለቤቱ መኪናው ከኮምቦልቻ ባዶውን ስለሚወጣ የደርሶ መልስ ነው የምትከፍለው አለኝ። የጠራው ብር አንድ አዲስ የኋላ ጎማ ለመግዛት ምንም አይቀረውም። ጎማው ደግሞ ያስፈልገኛል፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ጥርሱ ሊያልቅ ነው።

የትራክተሩን ጉድ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ምክራችሁም በዚያ ልክ ይሁን። ፍሬኑ ይይዛል። ግን ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች አንድ ላይ የምትቆልፈው ብረት ተሰብራለች፤ ሻጩ በሽቦ አስሯቸዋል። ሽቦውም ዝጓል። የፊት መብራት አለው፣ ከኋላ የግራው ብቻ ይበራል። ፍሬቻ የሚባል ነገር የለውም። መሪው ትንሽ ይጫወታል።

እና ምን ትላላችሁ? ነድታችሁ የወረዳችሁ ካላችሁ፣ በምን ማርሽ? በስንት ሰዓት? ማረሻው ከኋላ ተንጠልጥሎ ይኬዳል ወይስ ለብቻው ይጫን? ጭናችሁ የሄዳችሁ ደግሞ፣ ሎቤድ ግዴታ ነው ወይስ ኢሱዙ ይበቃል? "ሕይወት ከገንዘብ ይበልጣል" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱን አጎቴም ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው አጎቴ ፊት ቆሜ የማስረዳው ምክንያት ነው።


ባለ ተሳቢው

ወንድሜ ሰላም። እኔ ተሳቢ ነው የምነዳ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ ጭነቱ የደሴ ከሆነ ሐረጎን እወጣለሁ። ሌሊትም ቀንም አውቀዋለሁ። ስለ አንተ ፍሬን ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ ከኋላህ ስለሚመጣው ሰውዬ ላውራህ፣ ምክንያቱም ያ ሰውዬ እኔ ልሆን እችላለሁ።

ከደሴ ጭኖ የሚወርድ ከባድ መኪና ማርሹን የሚመርጠው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ነው። ሞተር ብሬኩን ያበራል፣ በዚያው ማርሽ ይዞ ይወርዳል። እግሩ ፍሬን ላይ አልፎ አልፎ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ውጭ ከሄደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል። የጋለ ሸራ ደግሞ ብትረግጠውም አይዝም።

አሁን አንተ በዚህ መሀል በ12 ወይም በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየወረድክ ነው እንበል። ሰውዬው ኩርባውን ሲዞር ፊቱ ላይ ትራክተር አለ። ከታች ሲኖ እያቃሰተ ይወጣል፣ ስለዚህ አንተን ቀድሞ ማለፍ አይችልም። በጎን ገደል ነው። ያለው ምርጫ ፍሬን መርገጥ ነው። አንዴ ረግጦ ቢገላገል ጥሩ ነበር፤ ግን አንተን ተከትሎ እስከ ታች ድረስ እየረገጠ ይወርዳል። የአንተ ፍሬን ምንም ባይሆን የእሱን ታቃጥልበታለህ። ይሄን ለአጎትህ ንገራቸው። እሳቸው በወረዱበት ዘመን ከኋላ 40 ቶን ይዞ የሚከተል አልነበረም።

ደግሞ ሚኒባሶቹን፣ ዶልፊኖቹን አትርሳ። ከሁለት ተሳቢ ኋላ ተሰልፎ ትዕግሥቱ ያለቀ ዶልፊን ኩርባ ላይም ይወጣል። ሲወጣ አይቻለሁ፤ ስንቱን ሰድቤያለሁ።

ሎቤድ ግን ለምን ትጠራለህ? ለሦስት ቶን ትራክተር ሎቤድ ቅንጦት ነው። ደሴ ዕቃ አራግፎ ወደ አዲስ አበባ ባዶውን የሚመለስ መኪና በየቀኑ አለ። ባዶ ከሚሄድ የናፍጣውን ያህል ቢያገኝ ምን ይከፋዋል? መንገዱም በሐርቡ ነው። ኤፍ ኤስ አር ኢሱዙ ትራክተሩን በደንብ ይችላል። አንተ ብቻ የጭነት ቦታውን ስፋት በሜትር ለካ፣ ከዚያ የትራክተሩን የኋላ ጎማዎች ከውጭ እስከ ውጭ ለካ። በዓይን አትገምት። የኋላ ስፖንዳው ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ይሁን። ደላላ መሀል አታስገባ፣ ሾፌሩን ራስህ አናግር።

ሰኞ ቀን ብቻ አይሁን። የባቲ ገበያ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያም ወዲህም መንገዱ ይጨናነቃል።


ጨፋ ኦፕሬተር

ተሳቢው ወንድማችን ያለው እውነት ነው። ግን እዚህ አገር "ጫነው" ሲባል ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። መጫን ራሱ አደጋ አለው።

እኔ ጨፋ ላይ የኪራይ ትራክተር ነው የምነዳ። ሐረጎን ነድቼ ወርጃለሁ። አልሞትኩም፤ ግን አልመክርህም፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። በዓይኔ ያየሁት ክፉ ነገር ግን መንገድ ላይ አይደለም፣ ሲጫን ነው። ሁለት ጣውላ ከመኪናው ላይ አስደግፈው ትራክተሩን በፊቱ ሊያወጡት ሞከሩ። ማረሻው ከኋላ ተንጠልጥሏል። ትራክተር ክብደቱ ኋላው ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ፍሪሲዮኑን ፈጠን አድርጎ ለቀቀው፣ የፊት ጎማዎቹ ቀስ ብለው ከጣውላው ላይ ተነሱ። ሁላችንም ጮህን። ሰውዬው ፍሪሲዮኑን መልሶ ስለረገጠ ብቻ ነው የተረፈው። ትንሽ ቢዘገይ ወደ ኋላ ተገልብጦ ከሥሩ ነበር የሚያስገባው።

ስለዚህ የምትጭን ከሆነ ጣውላ የሚባል ነገር እርሳ። ከመኪናው ወለል ጋር እኩል የሆነ የአፈር ዳር ፈልግ። መኪናው ኋላውን ወደ ዳሩ አስጠግቶ ይቁም፣ ታኮ ይደረግለት። ትራክተሩ ከሜዳ ወደ ሜዳ እንደሚሄድ ዝም ብሎ ይገባል። ቦሩ ሜዳ እንዲህ ያለ ዳር አይጠፋም። ማረሻውን ፍታው፣ ለብቻው በሰው ኃይል ይጫን። የግድ ተዳፋት ላይ መውጣት ካለበት ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፤ ከባዱ ጎን ወደ ላይ ይሁን።

አሁን ነድቼው ልሂድ ካልክ ደግሞ ስማኝ። ድሮ ያስተማረኝ ሰው "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" ይል ነበር። ሐረጎ አፋፍ ላይ ትቆማለህ። የከባድና ቀላል ማርሽ መለወጫ ዘንጉን ዝቅተኛው ላይ አድርገህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ታስገባለህ፣ ከዚያ እስከ ታች አትነካውም። ፍሪሲዮን አትረግጥም! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲፈጥንበት ይደነግጥና ፍሪሲዮን ረግጦ ትንሽ ማርሽ ይፈልጋል። አሮጌ ማሲ ደግሞ እየሮጠ ማርሽ አይቀበልም። ይንጫጫል እንጂ አይገባም። ከዚያ በኋላ በዜሮ ማርሽ ነህ፤ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው የሚይዘው።

ሽቦዋን ግን በአላህ አውልቃት፣ በደህና ማያያዣ ተካት። ማሳ ላይ ፔዳሎቹ የተለያዩት ለመጠምዘዝ ነው፤ የግራውን ስትረግጥ ወደ ግራ ይዞራል። አስፋልት ላይ በፍጥነት ስትሄድ ሽቦዋ ተበጥሳ እግርህ አንዱን ብቻ ቢያገኝስ? አንዱ ጎማ ይቆማል፣ ሌላው ይሄዳል። ትራክተሩ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሐረጎ ይወስነዋል።

ማረሻ ተንጠልጥሎ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ይቀልና መሪው አይታዘዝህም። የአንተ መሪ እንደሆነ ድሮም ይጫወታል ብለሃል።


የሐርቡው

አላህ ይስጣችሁ፣ እናንተ ሰዎች። የባለ ተሳቢውን ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ካለቀ በኋላ "ያ ልጅ ሾፌር ነው" አለ። ከአጎቴ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ግን እጅ አልሰጠም። አሁን የያዘው ሌላ ነው። "ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ተሳቢው ሳይነቃ ታች ነን። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ የኋላ ጎማው ፓራፋንጎ ላይ ሆኜ ከኋላ የሚመጣውን አይልሃለሁ" ይላል።


ኢንሹራንሷ

በመጀመሪያ፣ አጎትህ ፓራፋንጎ ላይ እንዳይቀመጡ! እባክህ። ትራክተር ላይ ያለው መቀመጫ አንድ ነው፣ የተሠራውም ለአንድ ሰው ነው። ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ጉድጓድ ሲመታው የሚወድቀው ከዚያ ትልቅ ጎማ ፊት ነው። ከኋላ የሚያይ ሰው ከፈለጋችሁ አጎትህ በመኪና ይከተሉ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርተው።

ሁለተኛው የወረቀት ነገር ነው፤ ማንም ስላላነሳው ላንሳው። ሊብሬው በስማችሁ ዞሯል? ሰሌዳ አለው? ቦሎ አለው? ብዙ ትራክተር ከማሳ ወጥቶ ስለማያውቅ ቦሎውን የሚያስታውስ የለም። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን እንደማንኛውም ተሽከርካሪ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። እሱም ቢሆን ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ትራክተራችሁ ገደል ቢገባ አንድ ብር አይከፍላችሁም። የሚነዳውም ሰው መንጃ ፈቃዱ ለትራክተር የሚሆን መሆን አለበት። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይዞ ትራክተር መንዳት ማሳ ውስጥ ያስኬድ ይሆናል፣ ትራፊክ ፊት ግን አይሠራም።

ስትጭኑትም ያው ነው። የኢሱዙው ሦስተኛ ወገን የተጫነውን ዕቃ አይሸፍንም። የጭነት መድን ራሱን የቻለ ውል ነው። ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋሉ ቢበላሽ ማን ይከፍላል የሚለውን በወረቀት አስፍሩት። "እንተማመናለን" የሚባለው ሰንሰለት እስኪበጠስ ነው።


ቶርኖ ቤት

ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፤ ማሲዎች ብዙ በእጄ አልፈዋል። ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን አንድ ነገር ሳይነሳ ስላለፈ ልጨምር። ወሳኝ ነው።

ከ290ዎቹ መሀል መልቲ ፓወር ያላቸው አሉ። ያንተ አለው ወይ? ዳሽቦርዱ ላይ፣ መሪው አጠገብ፣ ከፍና ዝቅ የምትል ትንሽ ዘንግ ካለች አለው ማለት ነው። ማሳ ላይ በጣም ጥሩ ነገር ናት፤ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ትጨምራለህ። ቁልቁለት ላይ ግን ወጥመድ ናት። ዝቅ ላይ ስታደርጋት ሞተሩ ጎማውን ይገፋል እንጂ ጎማው ሞተሩን መልሶ መግፋት አይችልም። ስለዚህ በማርሽ መያዝ የሚባል ነገር የለም። ጋዝ ብትለቅም ትራክተሩ በራሱ ክብደት ይሮጣል። ቁልቁለት የሚወረደው ከፍ ላይ አድርጎ ነው።

አስበው እንግዲህ። ይሄን የማያውቅ ሰው ሐረጎ አፋፍ ላይ ይደርሳል። "ቁልቁለት ነው፣ ዝቅ ላድርገው" ይላል። የሚያስበው ጥንቃቄ ነው። የሚያደርገው ግን ሞተሩን ከጎማው መፍታት ነው። "ማርሹ ከዳኝ" ከሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹ እንዲህ የሆነባቸው ይመስለኛል። ካምቢዮውን አፍርሰህ ስታየው ምንም አልሆነም።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅ በቁጥር ላሳይህ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱ ወደ 650 ሜትር ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ሐረጎ ላይ ይወርዳል። ከነማረሻው 3 ቶን ብትለው፣ ያን ያህል ዝቅ ሲል የሚለቀው ጉልበት ወደ 19 ሚሊዮን ጁል ነው። ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የተወሰነውን የጎማው መንከባለል ይበላዋል። የቀረው ወይ በሞተሩ ይወጣል ወይ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሞተሩ ከተፈታ ፍሬኑ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ለጫኚም ይሄ ነገር ይነካዋል። መልቲ ፓወር ያለው ትራክተር ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ስለሚጠፋ ወደ ዝቅ ይመለሳል። ስለዚህ "ማርሽ ውስጥ ትቼዋለሁ" ብለህ እንዳትተማመን፤ ወደ ፊት ከመንከባለል አይከለክለውም። መኪናው ሐረጎን ሲወርድ ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ ጋቢናው አድርጎ ነው የሚቆመው። ማርሹ አይዘውም። የእጅ ፍሬን፣ ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ፣ ከዚያ ሰንሰለት።

የፍሬኑን ነገር ራስህ ሞክረው። ደረቅ አፈር ላይ፣ ሜዳ ቦታ፣ በዝግታ ሂድ። የግራውን ብቻ ርገጥ፣ ከዚያ የቀኙን ብቻ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። አፈሩ ላይ የሚተወውን ጭረት ወርደህ እየው። አንዱ ረዥም ሌላው አጭር ከሆነ እኩል አይይዝም፤ ይስተካከላል፣ ከባድ ሥራ አይደለም። የተሰበረችዋ ማያያዣም እዚህ ቶርኖ ላይ ትወጣለች። የዝገት ሽቦ ላይ ሕይወት አይንጠለጠልም።

ጎማውን በተመለከተ፣ ለማሳ የሚነፋው ለስለስ ተደርጎ ነው። በዚያው አስፋልት ላይ ረዥም መንገድ ከሄድክ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። ያ ሊያልቅ ነው ያልከው የቀኙ ጎማ 60 ኪሎ ሜትር አስፋልት አይወድም። ጎሚስታው ጋ አስነፋው፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ ግን እንዳያልፍ። ማሳ ስትደርስ መልሰህ ታስተነፍሰዋለህ።


ጨፋ ኦፕሬተር

ቶርኖ ቤት ልክ ነህ፣ እኔ የያዝኩት መልቲ ፓወር የሌለው ስለሆነ አላሰብኩትም። ጠያቂው፣ ይሄን ሳታይ አንድ እርምጃ እንዳትነሳ።


የሐርቡው

ዘንጓ አለች! ቦሩ ሜዳ ሄደን አየናት። አቧራ ሸፍኗት ነበር፤ ሻጩ ራሱ ምን እንደምትሠራ በደንብ አያውቅም። "እሷን አንነካትም" ነው ያለን።

አጎቴ ሳይሞክር አያምንም፣ መሪውን ራሱ ያዘ። ከግቢው በታች ወደ ማሳው የሚወርድ ትንሽ ተዳፋት አለ። መጀመሪያ ከፍ ላይ አድርጎ ጋዙን ለቀቀው፤ ትራክተሩ ሞተሩን እያስጮኸ በዝግታ ወረደ። ተመልሶ ወጣ፣ ዘንጓን ዝቅ አደረጋትና በዚያው ማርሽ ጋዙን ለቀቀ። የሞተሩ ድምፅ አልጨመረም፣ ትራክተሩ ግን ፍጥነት ጨመረ። ታች ማሳው ውስጥ ገብቶ በፍሬን አቆመው። ሲወርድ ፊቱን አላሳየኝም። ጎማውን እየዞረ መታ መታ አደረገና "ኢሱዙው ስንት ይላል?" አለኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የፍሬኑን ጭረትም አየነው። የግራው ቀድሞ ይይዛል፤ የግራው ጭረት ከቀኙ በግልጽ ይረዝማል። ሽቦዋን እዚያው ቆርጠን ጣልናት።

እንዲህ ወሰንን። ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ ተጭኖ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ይራገፍና ቶርኖ ቤት ያለው ይሠራለታል፦ ማያያዣዋ፣ ፍሬኑ፣ የኋላ መብራቱ፣ የመሪው ጨዋታ፣ ጎማው። ቦሎና ሦስተኛ ወገኑንም በዚያው እንጨርሳለን። ከዚያ ወደ ሐርቡ ያለውን መንገድ በጠዋት ይነዳል። የሚነዳው መንጃ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ነው፤ እኔም አጎቴም አይደለንም። አጎቴ በጎረቤት መኪና ከኋላ ይከተላል። ሹመቱን ተቀብሏል፤ እንዲያውም ቀይ ጨርቅ አዘጋጅቷል። ማረሻው በዚያው ኢሱዙ ቀጥታ ሐርቡ ድረስ ይሄዳል፣ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ስለሚያልፍ።

ሾፌሩን ራሴ ነው ያገኘሁት። ደሴ ዕቃ አራግፎ ባዶ የሚመለስ ነው። የጠየቀኝ ሎቤዱ ካለኝ ግማሹን አይሞላም። ለክተነዋል፣ ትራክተሩ ይገባል፤ በየጎኑ ትንሽ ቦታም ይተርፋል። ባለ ተሳቢው፣ ውለታህ አለብኝ።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ለማራገፍ የሚሆን ዳር የት አለ? ሰንሰለትስ እንዴት ነው የሚታሰር? ሾፌሩ "ገመድ አለኝ፣ በቂ ነው" ይላል።


ባለ ተሳቢው

ገመድ በቂ አይደለም። ገመድ ይለጠጣል፣ ስለታም ብረት ጠርዝ ላይ ከዋለ ደግሞ ይበጠሳል። ለጤፍ ጆንያ ይሆናል።

ሾፌሩን ንገረው፣ ደሴን እንደወጣ ሐረጎ ሳይጀምር አንዴ ይቁም። ወርዳችሁ እስሩን በእጃችሁ እዩ። ከቦሩ ሜዳ እስከዚያ ባለው መንገድ ጎማው ስለሚረግብ የመጀመሪያው እስር ሁልጊዜ ይላላል። እንደገና ይጥበቅ። ደሴ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ እዩ። ትራክተሩ ከነጭስ ማውጫው መኪና ላይ ሲቆም ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ሰፈር የመብራት ገመዱ ዝቅ ብሎ ነው የተዘረጋው።


ጨፋ ኦፕሬተር

አራት ሰንሰለት ያስፈልግሃል። ሁለቱ ከፊት አክስል ወደ ፊት ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ግራና ቀኝ። እያንዳንዱ በየራሱ ማጥበቂያ። አንዱን ረዥም ሰንሰለት ሁሉም ላይ አታዟዙር፤ አንድ ቦታ ከላላ ሁሉም ይላላል። መሪ ዘንግ ላይ፣ የዘይት ቱቦ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ማረሻው ጋቢናው ሥር ወለሉ ላይ ይተኛና እሱም ለብቻው ይታሰር፤ ዲስኩ ስለታም ነው፣ ከትራክተሩ ጎማ ይራቅ።

ሰንሰለትና ማጥበቂያ እኔ ጋ አለ፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ተቀምጧል። ሥራ ላይ ስላልሆነ ውሰደው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


ቶርኖ ቤት

ለማራገፊያው አታስብ። እኛ ጋራዥ ጎን መሬቱ ተቆርጦ የቀረ ዳር አለ፣ ሲኖዎች ማሽን የሚያወርዱበት። ለኢሱዙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከመኪናው ኋላ ጎማ ሥር ድንጋይና አፈር ሞልተን እኩል እናደርገዋለን። ከ4 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ቦታው በመኪና ይያዛል። ሲወርድ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፤ ዘንጓን ከፍ ላይ አድርጉ፣ አንድ ሰው ብቻ ምልክት ይስጥ። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ "ና! ና! ቁም!" ሲል ኦፕሬተሩ ማንን ይስማ?


የሐርቡው

ሰንሰለቱን በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፣ ዛሬ ማታ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቦሩ ሜዳ እንነሳለን። ምልክት የሚሰጠው አጎቴ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሰጥ አይፈቅድም።